ኮንክሪቱ ጥራት ሲጎድለው፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ትልልቅ ሳይቶች ላይ የጥራት ችግር ሲታይ ብዙውን ጊዜ የሚጠገነው ላዩ ነው። የተቦረቦረው ይለሰናል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ ሥራው ይቀጥላል። ቀጣዩ ፎቅ ላይ ያው ችግር ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ከጥገናው ይልቅ መንስኤው ላይ እናተኩር።

የ7 ቀኑ የኪዩብ ውጤት ዝቅ ብሏል

ኪዩብ ጥንካሬው እንዲፈተን ከውህዱ የሚወሰድ የኮንክሪት ናሙና ነው። ውጤቱ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሲሚንቶውን ዓይነት እዩ። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ከኦፒሲ (ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። የ28 ቀኑ ውጤት ሳይመጣ አትፍረዱ። ኦፒሲ ሆኖ ዝቅ ካለ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። ውህዱ ሲከብዳቸው ሠራተኞች ውሃ ይጨምራሉ። የውሃና የሲሚንቶው ምጥጥን 0.5 ከተባለ ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት የሚገባው 25 ሊትር ነው፤ አሸዋው የያዘው እርጥበትም ከዚሁ ይቀነሳል። ውሃ በግምት አይጨመር፣ ልኩ በታወቀ ዕቃ ይሰፈር። ስላምፕም (የውህዱ ቅጥነት ወይም ውፍረት) ይለካ። ውህዱ ለሥራ ካስቸገረ አድሚክስቸር (ውህዱን የሚያለሰልስ ኬሚካል) ይጨመር እንጂ ውሃ አይጨመር።

ቀጥሎ አሸዋው ነው። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጣችሁ ለሰዓታት አስቀምጡት። ከላይ የሚረጋው ደለል ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ሲነሳ ኮለኑ (ምሰሶው) ተቦርቡሮ ጠጠሩ ይታያል

ወይ ቫይብሬተሩ (ውህዱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው መሣሪያ) በደንብ አልደረሰም፣ ወይ በፎርምወርኩ ክፍተት የሲሚንቶ ውሃው ፈሷል፣ ወይ ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት) ተጨናንቆ ጠጠሩን አላሳለፈም። የላላውን ጠንካራው ኮንክሪት እስኪገኝ ቆርቁሩ፣ እጠቡ፣ በማይኮማተር ግራውት (ክፍተት መሙያ ውህድ) ሙሉ። ፌሮ ከታየ ግን አማካሪው ኢንጂነር ሳያየው ማንም አይንካው። በልስን መሸፈን ጥገና አይደለም፤ ችግሩን ከዓይን መደበቅ ነው።

ሶሌታው (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ወለል) በተሞላበት ቀን ይሰነጠቃል

ፀሐይና ነፋስ ላዩን ቶሎ አድርቀውታል። እንደተስተካከለ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ከጠጠረ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ፒፒሲ ከሆነ ቀኑን ጨምሩ።

ኪዩቡ ሁሌ ያልፋል፣ ሕንፃው ላይ ያለው ኮንክሪት ግን ደካማ ነው

ይኼ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም ፋይሉ ንጹሕ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ናሙናው ነው። ለኪዩብ የሚሆነው ተመርጦ ይወሰዳል፣ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ኮለኑ ግን ውሃ ሳያገኝ ፀሐይ ላይ ይውላል። ናሙና የሚወሰድበትን ሰዓት ኮንትራክተሩ አይወቅ። አማካሪው ከሚሞላበት ቦታ በድንገት ያስወስድ፤ ኪዩቡ ላይም ቀኑና የተሞላው ክፍል ያኔውኑ ይጻፍ። ጥርጣሬ ካለ ሽሚት ሃመር (ላዩን መትቶ ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ) ፍንጭ ይሰጣል፤ ለውሳኔ ግን ኮር (ከሕንፃው ተሰርስሮ የሚወጣ የኮንክሪት ናሙና) ተቆርጦ ይፈተን። በአሜሪካው የኮንክሪት ሕንፃ ደንብ፣ ኤሲአይ 318፣ የሦስት ኮር አማካይ ከተፈለገው ጥንካሬ ቢያንስ 85 በመቶ መድረስ አለበት፤ አንዱም ከ75 በመቶ መውረድ የለበትም።

ጉድለቱ ተመዝግቦ ተዘጋ፣ ግን ተመልሶ መጣ

እዚህ ላይ የአሜሪካዋን ቦስተን ከተማ የዋሻ መንገድ ፕሮጀክት፣ ቢግ ዲግን፣ ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአንድ ዋሻ ኮርኒስ ተደርምሶ 26 ቶን ያህል ኮንክሪትና ብረት መኪና ላይ ወደቀ፤ አንዲት ሴት ሞተች። ኮርኒሱን የያዙት ብሎኖች የተጣበቁበት ኢፖክሲ (ማጣበቂያ) የማያቋርጥ ክብደት ሲጫነው ቀስ በቀስ የሚለጠጥ ዓይነት ነበር። በጣም የሚያሳዝነው ምልክቱ ቀድሞ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ፕሮጀክት በሌላ ዋሻ ብሎኖች ከቦታቸው ሲወጡ ተገኝተው ነበር። ተተኩ፣ ተፈተኑ፣ ሥራው ቀጠለ። ለምን እንደወጡ ግን በትክክል አልታወቀም፤ በየጊዜው የሚያያቸውም አልነበረም።

የኛም ሳይቶች የጉድለት ሪፖርት እንዲህ ይዘጋል። «ተጠግኗል» ተብሎ ይፈረማል። ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ ለምን ሆነ? በቀጣዩ ሙሌት ምን ተቀየረ? ሁለተኛው ሳይመለስ አይፈረም። ቼክሊስቱም ከሙሌት በፊት ይፈረም። ፌሮው፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን የሚያቅፈው የታጠፈ ብረት)፣ ስፔሰሩ (ፌሮውን ከፎርምወርኩ የሚያርቀው)፣ ፎርምወርኩ ታይቶ ፊርማው ካልተገኘ ሚክሰሩ አይነሳ፤ ሲሚንቶ የጫነው መኪና በር ላይ ቢቆምም፣ ቀኑ ቢመሽም። ቀጣዩ ሙሌት ደግሞ ፎርምወርኩ ሲነሳ ያው አማካሪ ቆሞ ይየው፤ ሪፖርቱ ያኔ ይዘጋ።