በምርጫ ሰሞን ዲፕፌክ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሐሰተኛ ቪዲዮ ወይም ድምፅ) ሲገጥምዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ውሸት ስለሆነ ወንጀል ነው" ብሎ መደምደም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024፣ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሊመረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ስልክ ተደወለ። ድምፁ የፕሬዚዳንት ባይደን ይመስላል። "ድምፃችሁን ለኅዳር አቆዩት" ይላል፤ ለኅዳሩ ጠቅላላ ምርጫ ማለቱ ነው። እሳቸው ግን እንዲህ አላሉም፤ ድምፁ የተሠራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

ስቲቭ ክሬመር የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ያሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ አመነ። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽንም 6 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። የቅጣቱ መሠረት ግን በተቀባዮቹ ስልክ ላይ የሌላ ሰው ቁጥር እንዲታይ ማድረጉ ነው። በወንጀል ተከሶ ደግሞ በሰኔ 2025 ጁሪው (ከሕዝብ የተውጣጣው የፈራጆች ቡድን) በነፃ አሰናበተው። አንዱ መከራከሪያው ፓርቲው ያንን ምርጫ ስላልተቀበለው እውነተኛ ምርጫ አልነበረም የሚል ነበር። ያመነ ሰው በነፃ ሲሄድ ማየት ያማል፤ ሕጉ ግን የሚመዝነው በአንቀጹ ውስጥ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ አቤቱታ ሲጽፉ "ዲፕፌክ ነው" ብለው አያቁሙ። የተጣሰውን ሕግ ይጥቀሱ፦ መራጭን ማሳሳት ነው? ስም ማጥፋት ነው? ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ ነው?

ጠበቅ ያለ ሕግ ከወጣ ነገሩ ያበቃል ብሎ ማመንም አያዋጣም። ካሊፎርኒያ በመስከረም 2024 የምርጫ ዲፕፌክን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በሁለት ሳምንት ገደማ የፌዴራል ዳኛ አገዱት። ከሳሹ የያኔዋ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ በነበሩት በካማላ ሃሪስ ላይ የቀልድ ቪዲዮ የሠራ ሰው ነበር፤ ክርክሩም ሐሳብን የመግለጽ መብት ነው። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ ከምርጫው በፊት ባሉት 90 ቀናት ለቅስቀሳ የሚውል ዲፕፌክን ከልክላለች። እኔ የዳኛው ሥጋት ይገባኛል። ቀልዱን ከውሸቱ የመለየት ሥልጣን ለመንግሥት ከተሰጠ፣ ነገ የሚታገደው የተቃዋሚ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ስህተት ፍርድ ቤት እስኪወስን መጠበቅ ነው። በስሎቫኪያ በመስከረም 2023፣ የፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ ፓርቲ መሪ ሚካል ሺሜችካ ምርጫ ስለማጭበርበር ሲያወሩ የሚመስል ድምፅ ተለቀቀ። ምርጫው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ጊዜው ቅስቀሳ የሚቆምበት የጥሞና ጊዜ ስለሆነ ሚዲያው እንደልቡ ማስተባበል አልቻለም። በእኛም አገር የጥሞና ጊዜ አለ። ማስተባበያውን፣ ለምርጫ ቦርድ የሚቀርበውን አቤቱታና የጠበቃውን ስልክ ቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው።

እውነተኛውን ቪዲዮ ወይም ፎቶ "ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሠራው ነው" ብሎ መካድም አለ። በነሐሴ 2024 ትራምፕ በዲትሮይት ሃሪስን ሊቀበል የወጣውን ሕዝብ ፎቶ እንዲህ ብለውት ነበር። ሕዝቡ ግን እውነተኛ ነበር።

በመጨረሻ፣ "ውሸት ነው፣ ተጠንቀቁ" እያሉ ቪዲዮውን ራሱን ሼር ማድረግ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክና ታግ ማድረግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። ሼር ማድረግን ግን እንዲህ ለይቶ ነፃ አላወጣም። ሐሰተኛነቱን ማወቅ የሚገባው ሰውም ይጠየቃል፤ መረጃው ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ከሆነ ማለት ነው። ከማጋራት ይልቅ ሊንኩን፣ የለጠፈውን አካውንት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይያዙ፤ ዋናውን ፋይል ሳይነካካ ያስቀምጡ። ቪዲዮው ሊጠፋ ስለሚችል ሪፖርት ከማድረግዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።