አረጋውያን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የሚይዛቸው ድብርትና ቤተሰብ የሚፈጽማቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት «ዕድሜያቸው ነው፤ ታመውም ሰነበቱ፤ ቢከፋቸው ምን ይገርማል?» ብሎ ማለፍ ነው። ከከባድ ሕመም በኋላ ለጥቂት ቀናት መከፋት የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን የሚወዱትን ነገር መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣትና ራስን እንደ ሸክም መቁጠር 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቁ፣ ታማሚው ድብርት የሚባል የሚታከም ሕመም ይዞታል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በድብርት ይያዛሉ።

እንባ መጠበቅም ያሳስታል። ብዙ አረጋውያን «ከፋኝ» ከማለት ይልቅ «ወገቤን ያመኛል»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «ምግብ አስጠላኝ» ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ነገር ስለሚረሱ የመርሳት በሽታ የጀመራቸው ይመስላል።

በተቃራኒው፣ ዝምታንና መፍዘዝን ሁሉ ድብርት ብሎ መደምደም የባሰ አደጋ አለው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ፣ በአንድ ቀን ውስጥ እየባሰና እየተሻለ የሚለዋወጥ መደናገር አብዛኛውን ጊዜ የኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም መድኃኒት ያመጣው ችግር ምልክት ስለሆነ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከምና የደም ማነስም ድብርት ሊመስሉ ይችላሉ።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን በፍቅር የሚፈጸመው ስህተት ነው። አስታማሚ «አይነሡ፤ እኛ አለን» እያለ ማጉረሱን፣ ማልበሱንና ማጠቡን ሁሉ ሲረከብ ታማሚው እያረፈ ይመስለዋል። ጤናማ አረጋውያን እንኳ 10 ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ እንዳጡ በጥናት ታይቷል። ጡንቻው ሲሳሳ መውደቅ ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ከመኝታ ቤት አያስወጣም፤ ብቻቸውን መዋላቸው ደግሞ ድብርቱን ያከብደዋል። ስለዚህ ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠቡ፣ ቢዘገዩም ልብሳቸውን ራሳቸው ይልበሱ፣ በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። «ደስ ሲለኝ እነሣለሁ» ማለታቸውን መጠበቅ አያዋጣም፤ በድብርት ጊዜ ፍላጎቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከተነሡ በኋላ ነው።

የድብርት መድኃኒት በ1 ሳምንት ለውጥ አላመጣም ብሎ ማቋረጥም የተለመደ ነው። ውጤቱ በደንብ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በአረጋውያን ላይ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከተሻላቸውም በኋላ መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ለሌላ ሰው የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን (የቆየ የድብርት መድኃኒት ነው) መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አረጋውያንን ሊያደናግር፣ ሽንት ሊከለክልና ለመውደቅ ሊያጋልጥ ይችላል።

«ምነው በሞትኩ» የሚለውን ቃል እንደ ተራ ምሬት መስማት የመጨረሻው ስህተት ነው። «ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙዎች እንዲያውም ስለተጠየቁ ይቀልላቸዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻቸውን አይተዉ፤ በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ ከእጃቸው ይራቅ፤ በዚያው ሰዓትም ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዷቸው።