በካርታ 6 ኪሎ ሜትር፣ በእግር ሙሉ ቀን

ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን የእግር ጉዞ መስመር ‘ሃይ ሩት’ን ያለ አስጎብኚ ልትሞክሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አታስሉት፣ በሰዓት አስሉት። ጉዞው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዱካ የሚባል ነገር የለውም። እኔ በደህና መንገድ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ስለምሄድ እዚያም ያው ነው ብዬ ነበር፤ ፍሪጅ የሚያክል ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ የተከመረበት ቁልቁለት ውስጥ ስገባ ግን በሰዓት አንዷም ኪሎ ሜትር ብርቅ ሆነችብኝ፣ ጉልበቴም ቄጤማ ሆነ።

ድንጋዩን መጀመሪያ በእግራችሁ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ነው ክብደት የሚጣልበት። ትልቅ ነው ብላችሁ አትመኑት፤ ትልቁም ይነቃነቃል። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ከሌላው ሥር በቀጥታ አይሂድ፣ የተፈነቀለ ድንጋይ ታች ያለውን አይምርም።

የዕለቱን ከፍተኛ የተራራ መተላለፊያ ከቀትር በፊት ጨርሱት። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና መብረቅ ይጀምራል፣ ያኔ ጫፍ ላይ መገኘት አያዋጣም። ስልክ አብዛኛው ቦታ ስለማይሠራ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ያዙ። የመግቢያ ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ አውጡ። ድብ የማይከፍተው የምግብ ዕቃም በብዙ ቦታ ግዴታ ነው፣ ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ለዚያ ጠባብ ዕቃ ደግሞ እንደ በሶ የሚመች የለም። እሳት አይፈልግ፣ ቦታ አይፈጅ፤ በቀዝቃዛ ውኃ በጥበጥ አድርጎ ወደ ላይ ነው።