ከጎንደር ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ማስላት

ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን የሚጓዝ ሰው፣ ወይም ከዚያ የሚመጣ ዘመዱን ለመቀበል የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት አዘዞ የሚወርድ ቤተሰብ፣ ርቀቱንና ሰዓቱን ለየብቻ ቢያሰላ ይሻለዋል።

ርቀት በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይለካም። ምድር ክብ ስለሆነች፣ አጭሩ መንገድ የሚታወቀው በሉል ላይ ከከተማ ወደ ከተማ ክር ሲወጠር ነው። በዚህ አለካክ ከጎንደር እስከ ዋሽንግተኑ የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 11,180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን መንገደኛው በአዲስ አበባ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ 420፣ ከቦሌ እስከ ዳለስ 11,560፣ በድምሩ 11,980 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። መድረሻው በሰሜን ምዕራብ ሳለ አስቀድሞ ወደ ደቡብ መውረድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያስጨምራል ማለት ነው። ርቀቱ በማይል ከተሰጠ በ1.609 ይባዛል።

በአየር ላይ የሚቆየውን ጊዜ ለመገመት ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት መጨመር ይበቃል፤ ከቦሌ ዳለስ 14 ሰዓት ያህል ይመጣል። ይሁንና ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ በመሆኑና አየሩ ስስ በመሆኑ፣ አውሮፕላን ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ስለሚከብደው፣ ሲሄድ በመንገድ አርፎ ነዳጅ መሙላቱ የተለመደ ነው። ሲመለስ ግን ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ይገፋዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትኬቱ ሰዓት ነው። የመነሻው ሰዓት የመነሻው አገር፣ የመድረሻውም የመድረሻው አገር ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው በቀጥታ መቀነስ የበረራውን ርዝመት አይሰጥም። ለምሳሌ ትኬቱ ከቦሌ 22:15 ተነሥቶ በማግስቱ 07:45 ዳለስ ይደርሳል ቢል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ዋሽንግተን በክረምቷ ከእኛ 8 ሰዓት፣ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባለው የፈረንጆች የበጋ ሰዓት ደግሞ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በክረምቷ 07:45 ላይ 8 ሲደመር በአዲስ አበባ 15:45 ይሆናል፤ ጉዞው እንግዲህ በመንገድ አርፎ የሚቆይበትን ጨምሮ 17 ሰዓት ተኩል ነው። ይህንን ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 መቀነስ፣ የቀረው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 መቀነስ ነው፤ 22:15 ከምሽቱ 4:15፣ 15:45 ከቀኑ 9:45 ይሆናል።

የጎንደሩ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በቦሌ የሚጠበቀው ጊዜ ግን ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል ለብቻው ይደመር። በተለይ ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ ይህ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ በእኛ አነጋገር ገና የሰኞ ሌሊት ስለሆነ፣ መንገደኛው ሰኞ ምሽት ቦሌ ለመገኘት ከጎንደር ሰኞ ቀን መነሣት አለበት።