አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ካርዶች ሲጣሉ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ፔንቲየም ፎር ወይ ከዛም የባሰ አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ይቺን ችግር ታውቋታላችሁ። ደህና ሲሰራ የነበረው አንድ ካርድ (ውስጡ የሚሰካ፣ እንደ ሳውንድ ወይ ሞደም ያለ ሰሌዳ) ስትጨምሩበት ድምፁ ጥፍት ይላል፣ ወይ ማውሱ ስታክ ያደርጋል፣ ወይ ጭራሽ ሰማያዊ ስክሪን። ጥገና ስትወስዱት «ፎርማት ይደረግ» ይሏችኋል። ኧረ ተዉ! ሁለት ዕቃ አንድ መስመር ይዘው ከተጣሉ ዊንዶውስ መቶ ጊዜ ቢጫን እዛው ናቸው።

እያንዳንዱ ዕቃ ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» የሚልበት መስመር አለው፣ አይአርኪው ይሉታል፣ ድሮዎቹ ላይ ያለው ከ0 እስከ 15 ብቻ ነው። 0 የታይመር፣ 1 የኪቦርድ፣ 6 የፍሎፒ፣ 8 የሰዓቱ፣ 14 እና 15 የሀርድ ዲስክና የሲዲ ነው፣ እንግዲህ የሚተርፈውን አስቡት። በጣም የሚጣሉት ኮም ፖርቶቹ (የድሮ ማውስና ሞደም የሚጠቀሙባቸው) ኮም 1 እና ኮም 3 ናቸው፣ ሁለቱም 4ን ነው የሚፈልጉት፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ 3ን፣ ስለዚህ ማውሱ ኮም 1 ላይ ሆኖ ሞደሙ ኮም 3 ላይ ከተቀመጠ ሞደሙ ሲደውል ማውሱ ቀጥ ይላል። 5 ላይ የድሮ ሳውንድ ብላስተር ይቀመጣል፣ 7 የፕሪንተሩ ኤልፒቲ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ሰው ደግሞ ልንገራችሁ፣ በርኖስ ለብሳችሁ ወይ ዝተት ላይ ቁጭ ብላችሁ ካርድ አትንኩ፣ ሱፍ ስታቲክ (ሲፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) ይሰራል፣ ለናንተ ትንሽ ቸክ ነው ለራም ግን ሞት ነው። ጠረጴዛ ላይ ስሩ፣ የኬዙን ብረት ቶሎ ቶሎ ንኩ።

አሁን ከራም፣ ከቪጂኤ (የስክሪኑ ካርድ)፣ ከኪቦርድና ከሀርድ ዲስክ በስተቀር ሁሉንም አውጡና አስነሱት። ደህና ከሆነ አንዱን መልሱ፣ አስነሱ፣ እዩ፣ ከዛ ቀጣዩን። ሁለት ባንዴ ከሰካችሁ ማን እንደበጠበጠ በምን ታውቃላችሁ? ጠበኛው ሲገኝ መጀመሪያ ሌላ ስሎት (መሰኪያ) ላይ ሞክሩት፣ ፒሲአይ የሚባለው የካርድ ዓይነት ከሆነ ስሎት ሲቀየር መስመሩም ሊቀየር ይችላል፣ ኤጂፒው (የቪጂኤው መሰኪያ) አጠገብ ያለውን ስሎት ግን ባትነኩት ይሻላል፣ ብዙ ጊዜ ከቪጂኤው ጋር ነው የሚጋራው። የድሮው አይኤስኤ ካርድ ከሆነ መስመሩን የሚመርጠውን ጃምፐር (ፒን ላይ የምትሰካ ትንሽ ቆብ) ካርዱ ላይ ፈልጉ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ዲቫይስ ማናጀር (የዕቃዎቹ ዝርዝር ያለበት) ግቡ፣ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዳብል ክሊክ፣ ሪሶርስስ የሚለው ውስጥ ከማን ጋር እንደተጣላ ስሙን ይጽፍላችኋል። ኮድ 12 ካለ ነፃ መስመር አጥቷል ማለት ነው። ሁለት ፒሲአይ ካርድ አንድ ቁጥር ቢጋሩ ግን ቢጫ እስከሌለ አትደንግጡ፣ ኤክስፒ ላይ ያለ ነው።

መስመር ለማስለቀቅ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ ሳይመጣ የሚገባበት ሴቲንግ) ግቡና የማትጠቀሙበትን ኮም ፖርት ዝጉ፣ ፕሪንተራችሁ ዩኤስቢ ከሆነ ኤልፒቲውንም ዝጉት። ሳውንድ ካርድ ጨምራችሁ ከሆነ የማዘርቦርዱን ድምፅ እዛው አጥፉ። ሪሴት ኮንፊገሬሽን ዳታ የሚል ካለ የስ በሉት። ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ ካደረ በኋላ ከጠፋና ሰዓቱም ወደ ኋላ ከሄደ የ2032 ባትሪው አልቋል፣ ቀይሩት።

ሁለት ሀርድ ዲስክ በአንድ ኬብል ሰክታችሁ አንዳቸውም ካልታዩ ጃምፐራቸውን እዩ፣ አንዱ ማስተር ሌላው ስሌቭ መሆን አለበት። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ፓወር ሰፕላዩን ነው ማየት።