የጌሙ ቀለም ፈዝዞ ጥቁሩ አመድ ሲመስል

ኮንሶሉን ከቲቪው ጋር አገናኝታችሁ ስትከፍቱት ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ድቅድቅ መሆን የነበረበት ዋሻ አመድማ ነው፣ ቀዩ ገርጥቷል፣ ነጩም ነጭ አይደለም። እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ኮንትራስትና ብራይትነስ ነው፤ አትንኳቸው። እኔ አንዴ ሲመሽ ጀምሬ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጥሮቹን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቆየሁ። ጥቁሩስ ጠቆረ፤ ግን ጥላ ውስጥ የተደበቀው ጠላት ሁሉ አብሮት ጠፋ፤ ከየት እንደሚተኩሱብኝ እንኳ አላይም ነበር።

መጀመሪያ ቲቪው ላይ ባለው አፕ አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። እሱም ከፈዘዘ ችግሩ ቲቪው ውስጥ ነው፤ የኃይል ቁጠባውንና የምስል ሞዱን እዩ። ቪዲዮው አምሮ ጌሙ ብቻ ከፈዘዘ ግን ሁለቱ ዕቃዎች አልተግባቡም ማለት ነው።

የማይግባቡት ብዙ ጊዜ ጥቁር ከየት እንደሚጀምር ነው። በ8 ቢት ምስል እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይላካል። «ፉል» በሚባለው አላላክ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ከድሮ ጀምሮ የቲቪ ልማድ የሆነው «ሊሚትድ» ግን ጥቁርን 16 ላይ፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል። ኮንሶሉ በሊሚትድ ልኮ ቲቪው ፉል ነው ብሎ ካነበበው፣ 16ን እንደ ጥቁር ሳይሆን እንደ ግራጫ ያሳየዋል፤ 235ም ደብዛዛ ነጭ ይሆናል። በተቃራኒው ከሆነ ምስሉ አይፈዝም፤ ጥላው ሁሉ ይደፈናል።

ስለዚህ ሁለቱን ማስማማት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ»፣ ከዚያ «ቪዲዮ አውትፑት» ስትገቡ «አርጂቢ ሬንጅ» ታገኛላችሁ፤ ፉል ወይም ሊሚትድ የሚመረጠው እዚያ ነው (አርጂቢ ምስሉ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቁጥሮች ሲላክ ነው)። ኒንቴንዶ ስዊችም በዚሁ ስም በቲቪ ማስተካከያው ስር አለው። ኤክስቦክስ «ከለር ስፔስ» ይለዋል፤ «ስታንዳርድ» ሊሚትድ፣ «ፒሲ አርጂቢ» ደግሞ ፉል ነው። ቲቪው ላይ የምትፈልጉት «ብላክ ሌቭል» የሚለውን ነው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ «ሎው» ለሊሚትድ ነው፤ ለፉል ሳምሰንግ «ኖርማል»፣ ኤልጂ «ሃይ» ይላሉ። ሁለቱንም አውቶማቲክ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ካልሰራ ሁለቱንም ሊሚትድ ላይ አድርጉ። ፉል ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለቲቪ እኔ አልስማማም፣ ፊልሙም የሚመጣው በሊሚትድ ነው። የኮምፒውተር ሞኒተር ከሆነ ግን ፉል ይሁን። ብላክ ሌቭሉ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሲግናል አርጂቢ ስላልሆነ ነው፤ እዚያ ጋ ጊዜ አታባክኑ።

ፍዘቱ የመጣው ኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን ይበልጥ አራርቆ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) ካበራችሁ በኋላ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ብዙ ርካሽ ቲቪዎች የኤችዲአር ሲግናል ይቀበላሉ እንጂ ለማሳየት የሚበቃ ብርሃን የላቸውም። አጥፍታችሁ አወዳድሩ፤ ሲጠፋ ካማረ ጠፍቶ ይቅር፣ ምንም አይቀርባችሁም። ደህና ቲቪ ካላችሁ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ኤችዲአሩን «ሲደገፍ ብቻ» እንዲበራ አድርጉት፤ ሁልጊዜ በርቶ ሲቆይ ለኤችዲአር ያልተሰሩትንም ጌሞች እየቀየረ ነው የሚልከው። ከዚያ «አድጀስት ኤችዲአር» ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምልክት ለዓይን ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው አስተካክሉ። በኤችዲአር የተነሳ ስክሪንሾት ስልክ ላይ ነጥቶ ቢታይ በእሱ ቲቪውን አትፍረዱበት።

ኬብል ለመግዛት የምትነሱም ቆይ በሉ። ኮንሶሉን ከቲቪው የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፤ ኬብሉ ሲበላሽ ምስሉ ነጠብጣብ ይረጫል፣ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል እንጂ ቀለሙ ቀስ ብሎ አይፈዝም።