አስታማሚዋን ማን ይጠይቃት?

የታመመ መጠየቅ እናውቅበታለን፣ ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥለን ሄደን እግዜር ይማርህ ብለን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን እንወጣለን። የምትረሳው አስታማሚዋ ናት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጥቂት ጎረቤቶች ሆነን በየሳምንቱ አስታማሚ መጠየቅ ከጀመርን ሁለት አመት ሊሞላን ነው፣ እናንተም ሰፈር መጀመር ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ።

ኮንዶሚኒየም በር ተዘግቶ ስለሚዋል አራተኛ ፎቅ ላይ ስትሮክ የመታው አባት እንዳለ ታች ያለው ላያውቅ ይችላል። የእድሩን ጸሐፊ፣ የብሎኩን ኮሚቴ፣ ቤት ለቤት የምትዞረዋን የጤና ኤክስቴንሽን ጠይቁ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አስታማሚዋ ራሷ "ሰው ይምጣልሽ ወይ?" ተብላ ትጠየቅ።

ቀን ቁረጡ። "አንድ ቀን ብቅ እላለሁ" የሚባለው ነገር አይሰራም፣ ቅዳሜ 8 ሰዓት ካላችሁ ቅዳሜ 8 ሰዓት ነው። እኔ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዞኝ ሁለት ቅዳሜ ቀርቼ በሶስተኛው ስደርስ ሴትየዋ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፣ "ባለፈውም ለብሼ ነበር" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ከዛ ወዲህ በእግሩ የሚደርስ ጎረቤት ብቻ ነው የምንመድበው።

ቡናውን ደግሞ አስቡበት። እንግዳ መጥቶ ካላፈላች ያሳፍራታል፣ ለጠያቂ ሁሉ ስታፈላ ደግሞ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ብርጭቆውንም ራሳችሁ እጠቡ። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ትተወዋለች።

ከ"እሱ እንዴት ነው?" በፊት "አንቺስ፣ ማታ ተኛሽ?" በሏት። እግዜር ይመስገን ብላ ትዘጋዋለች፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። በሽተኛው ይሰማል ብላ ስለምትሳቀቅ ኮሪደር ላይ ወጥታችሁ ብትቀመጡ ይሻላል። እንዲህ ያለ ጸበል ውሰጂው፣ የእከሌ እናት በዚህ መድሀኒት ድነዋል፣ ይሄን ተዉት በናታችሁ፣ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች።

ትንሽ ስትላመዱ እናንተ በሽተኛው ጋ ቁጭ በሉና እሷ ትውጣ፣ ቤተክርስቲያንም ይሁን ፀጉር ቤት የራሷ ጉዳይ ነው። ከመውጣቷ በፊት የመድሀኒቱን ሰዓት ጠይቁ። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃም ትን ሊለው ስለሚችል ሳትጠይቁ ምንም አታጉርሱ አታጠጡ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል፣ እንዴት እንደምታገላብጠው ታሳያችሁ፣ ካላሳየቻችሁ ለብቻችሁ አታንሱት። ድንገት ቢብስበት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ብር አታበድሩ፣ ወዳጅነቱ ይበላሻል፣ ችግር ካለ እሷ ከፈቀደች ለእድሩ ንገሩ። የቤቷን ወሬ ሌላ ብሎክ ብትሰሙት ደግሞ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

በሽተኛው ካረፈ ድንኳኑ እስኪነሳ ሰው ሞልቶ ከሰልስት በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ቢያንስ እስከ አርባው ድረስ ቅዳሜ 8 ሰዓት በሯን አንኳኩ፣ ፔርሙዙንም አትርሱ።